በርች ወይስ ሜፕል? ሁለቱን ድራሞች ጎን ለጎን ተክዬ ያየሁት

ዘጠኝ ዓመት የተጫወትኩት ከሜፕል እንጨት በተሠራ ድራም ነው። የሀበሻ ሰርጉንም፣ የቸርች መዝሙሩንም፣ የምሽት ቤት ሥራውንም በሱ ነው የተወጣሁት። መጋቢት ላይ ግን ከበርች እንጨት የተሠራ አዲስ ድራም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ድራሞች ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምንለማመድበት ቤዝመንት ጎን ለጎን ተተክለው ከረሙ። ሦስት ወር ያህል እያፈራረቅኩ መታኋቸው። ቀዳሁ፣ አዳመጥኩ፣ ለጓደኞቼ አሰማሁ፣ ይዣቸው ሥራ ወጣሁ።

ልገዛ ሳስብ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሁሉም የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነበር፦ «በርች ጥርት ይላል፣ ሜፕል ሞቅ ይላል።» ውሸት አይደለም። ግን ከኪሱ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው አይበቃም። የት ነው ጥርት የሚለው? ማይክ ተደርጎ ነው ሳይደረግ? በምን ዓይነት ቆዳ? ልዩነቱስ ምን ያህል ነው? ይህን ቁጭ ብሎ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ብዙ ጊዜ ይተርፈኝ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ያየሁትን እንካችሁ።

መጀመሪያ ለምን በርች እንዳማረኝ ልንገራችሁ። ችግሬ ሰርግ ላይ ያለው ኪክ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም ነበር። የእኛን ሰርግ ታውቁታላችሁ። ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑ፣ ድምፃዊው ሁሉም ባንዴ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። ቺክቺካ ስንመታ ቤዝ ድራሙ የሚሠራው የከበሮን ሥራ ነው። አንዱ «ዱም» ሳያልቅ ቀጣዩ ይደርስበታል። የመጀመሪያው ረዘም ካለ ሁለቱ ይደባለቃሉ። በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ደግሞ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻው የሚይዘውን ምት ያጣዋል። መድረክ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ይጨፍራል፣ ግን ትከሻው ከእግሬ ጋር አይገናኝም።

ከበሮ የሚመታ ሰው ይህ ችግር የለበትም። ትልቁን አፍ በመዳፉ ይመታና፣ ድምፁ እንዲያጥር ሲፈልግ መዳፉን እዚያው ቆዳው ላይ ያስቀረዋል። የድምፁ ርዝመት በእጁ ነው። እግር ግን እንደዚያ አይታዘዝም። ፔዳሉን ቆዳው ላይ ተጭኖ ማስቀረት ይቻላል፣ ፈጠን ባለ ምት ግን ጊዜ የለም። ስለዚህ ሜፕሌን ትራስ ከትቼበት፣ ፎጣ ጨምሬበት፣ በመጨረሻ ብርድ ልብስ ጠቅጥቄበት ነበር። አጠረ። ግን አብሮ ወፍራሙ ድምፁም ሞተ። የምፈልገው ሳይታፈን በራሱ አጠር የሚል ኪክ ነበር። በርች እንደዚያ ነው ሲሉኝ ልቤ ተነሳ።

ስለ እንጨቶቹ ትንሽ። ሁለቱም የቀዝቃዛ አገር ዛፎች ናቸው። ሜፕል ቅጠሉ ካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፣ በጥቅምት ቅጠሉ እሳት ይመስላል። በርች ደግሞ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጠው ነው። ለድራም ሲሆን እንጨቱ በስሱ ይላጥና ስድስት ሰባት ንብርብር ሆኖ፣ በማጣበቂያ ተጣብቆ፣ ክብ ቅርጽ ይይዛል። የኔ በርች ስድስት ንብርብር ነው፣ ሜፕሉ ሰባት። በርችን በስቱዲዮ ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ያደረገው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያማሃ ያወጣውና በኋላ ሪኮርዲንግ ከስተም የተባለው ድራም ነው። ዝነኛው አሜሪካዊ ድራመር ስቲቭ ጋድ ለብዙ ዓመታት የመታው እሱን ነው። ስሙም ለምን እንደተወደደ ይናገራል። በርች ላይ የመሀከለኛው ድምፅ ቀነስ ይላል፣ የላይኛውና የታችኛው ጎላ ይላል። ሳውንድ ማን ሚክሰር ላይ ቁልፍ አዙሮ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር እንጨቱ ቀድሞ ሠርቶለት ይመጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ። ድራሙ የመጣ ቀን ካርቶኑን ከፍቼ፣ ተክዬ፣ ወዲያው መታሁ። ከሜፕሌ ጋር አወዳደርኩት። ተስፋ ቆረጥኩ። ቶሞቹ፣ በስቲክ የሚመቱት መካከለኛ ድራሞች፣ እንደ ባዶ ጀሪካን ነው የጮኹት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልመልሰው ደረሰኙን ሁሉ ፈልጌ አስቀምጬ ነበር።

ጠዋት ተረጋግቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። አዲሱ ድራም ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቆዳ ስስ፣ ባለ አንድ ንብርብር ነው። ሜፕሌ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ንብርብር ያለው ሬሞ ኤምፐረር ነው፤ ከዚያም ላይ ስድስት ወር የተመታ፣ የለሰለሰ። ታዲያ እኔ ያወዳደርኩት እንጨት ከእንጨት ነው ወይስ ቆዳ ከቆዳ? ቆዳ ስል ከብት አይደለም፣ ፕላስቲኩን ነው፤ እኛ ድራመሮች ቆዳ ማለት አልተውንም። ባለ አንድ ንብርብሩ ቆዳ ይከፍታል፣ ይጮሃል፣ ይረዝማል። ባለ ሁለቱ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ይዘጋል። ልዩነቱ በበርችና በሜፕል መሀል ካለው ይበልጣል። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ሱቅ ገብታችሁ ሁለት ድራም ስትመቱ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የተገጠመውን ቆዳ ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አዲስ ቆዳ ገዛሁ። ከላይ ኤምፐረር፣ ከታች ባለ አንድ ንብርብሩ አምባሳደር፣ ለቤዝ ድራሙ ፓወርስትሮክ 3። ቀላል የማይባል ገንዘብ ወጣብኝ። አልቆጨኝም። ያለዚያ የምጽፈው ነገር ሁሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

የድሮውን ቆዳ ሳወልቅ አጋጣሚውን ተጠቅሜ የበርቹን ጠርዞች አየሁ። ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ ጠርዝ ማለቴ ነው። ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ይህ ጠርዝ ድምፁን ሊያበላሽ ይችላል። የማየው እንዲህ ነው። ከላይና ከታች ቆዳውን አወልቅና ባዶውን ቀፎ ደልዳላ መስታወት ጠረጴዛ ላይ እደፋዋለሁ። መብራት አጠፋለሁ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ቀፎው ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጠርዙና መስታወቱ የሚገናኙበትን መስመር ዙሪያውን አያለሁ። ብርሃን ካላመለጠ ጠርዙ ደልዳላ ነው። 10 ኢንቹ ቶም ደህና ነበር። 12ቱም ደህና። 16 ኢንቹን፣ መሬት ላይ በእግሩ የሚቆመውን ፍሎር ቶም፣ ስደፋው ግን በአንድ በኩል እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ወጣ። ወረቀት አስገባሁበት፣ ገባ። በጣቴ ስዳስሰው እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ትላለች። እንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ቆዳው እኩል አያርፍም። የፈለጋችሁትን ያህል ብትቃኙት አንድ ብሎን ሁልጊዜ ያምፃል።

ፎቶ አንስቼ ለሸጠልኝ ሱቅ ላክሁ። መጀመሪያ «የተለመደ ነው» አሉኝ። የተለመደ አይደለም። በድጋሚ ወረቀቱ ገብቶ የሚያሳይ ቪዲዮ ላክሁላቸውና በሁለት ሳምንት ሌላ 16 ኢንች መጣ። እሱ ደህና ነበር። ባላየው ኖሮ ዕድሜ ልኬን «በርች ፍሎር ቶሙ አይቃኝም» እያልኩ ሰው አሳስት ነበር። የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ይህን ፍተሻ አድርጉ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከዚያ ቅኝት። ሁለቱን 12 ኢንች ቶሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብሎኖቹን በጣቴ ብቻ እስከሚበቃቸው አጠበቅኩ። ከዚያ በቁልፍ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ብሎኖች እያፈራረቅኩ፣ ሩብ ሩብ ዙር። ከእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ጣት ያህል ገባ ብዬ በስቲኩ ጫፍ ነካ ነካ እያደረግኩ እሰማለሁ። ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ። በስልክ አፕ እየለካሁ ሁለቱንም ከላይ አንድ ድምፅ ላይ፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆምኳቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። አንዱን ስትነካ ሌላው ይላወሳል፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሁለቱ ድራሞቼ በመጠን ሙሉ በሙሉ እኩል አይደሉም። ሜፕሉ 12 ኢንቹ ጥልቀቱ 9 ነው፣ የበርቹ 8። ቤዝ ድራሞቹ ሁለቱም 22 ናቸው፣ ግን የሜፕሉ ጥልቀት 18፣ የበርቹ 17። አንድ ኢንች ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠለቅ ያለ ድራም በራሱ ረዘም ይላል። ስለዚህ ከምነግራችሁ ልዩነት ጥቂቱ የእንጨቱ ሳይሆን የጥልቀቱ ሊሆን ይችላል። ስኔሩን፣ ከሥሩ ሽቦ ያለውን ድራም፣ ጭራሽ አላወዳደርኩም። በሁለቱም ላይ የምጠቀመው አንዱን የናስ ስኔሬን ነው።

ታዲያ ምን ተሰማ?

መጀመሪያ ራሴን አላመንኩም። የገዛ ዕቃውን የማይወድ የለም። ስለዚህ ኪቦርዲስታችንንና ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችንን ጀርባቸውን አዙረው እንዲቀመጡ አደረግኩ። 12 ኢንቾቹን ያለ ቅደም ተከተል አሥር ጊዜ መታሁላቸውና የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ኪቦርዲስቱ ስድስቱን አገኘ። ቤዝ ተጫዋቹ አምስቱን። ሳንቲም ወርውረው ቢገምቱም ከዚያ ብዙ አያንሱም። ሁለቱም ጆሮ ያላቸው ልጆች ናቸው። አንድ ዓይነት ቆዳ፣ አንድ ዓይነት ቅኝት ሲሆን ትንሹ ቶም ላይ እንጨቱን መለየት ይህን ያህል ከባድ ነው።

16 ኢንቹ ላይ ነገሩ ተለወጠ። አንዱ ስምንት፣ አንዱ ዘጠኝ አገኙ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ሜፕሉን ስመታው ድምፁ ወጥቶ ይሰፋል፣ ቤቱን ይሞላል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል። በርቹ ላይ መጀመሪያ ስቲኩ ቆዳውን የነካበት «ጠብ» የምትል ድምፅ ጎልታ ትሰማለች። ከዚያ ወፍራሙ ይመጣል፣ ከዚያ ቶሎ ይበቃዋል። በቀዳሁት ላይ ስለካው የሜፕሉ ጭራ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይረዝማል። በዘገምተኛ ዜማ ግማሽ ሰከንድ ብዙ አይደለም። በቺክቺካ ግን ሁለት ምት ይውጣል።

ቅኝቱን ከፍና ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሜፕሉ ሰፊ ነው። ዝቅ ባደርገውም ይዘፍናል፣ ከፍ ባደርገውም ይዘፍናል። በርቹ የሚወደው ቦታ አለው። በኔ ጆሮ ከመሀል ትንሽ ከፍ ያለው ነው። በጣም ዝቅ ሳደርገው ዜማው ጠፍቶ ምቱ ብቻ ይቀራል። አዲስ የገዛ ሰው «ድምፅ የለውም» ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሩብ ዙር ከፍ አድርጉት፣ ከእንቅልፉ ይነቃል።

አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም ድራመር ነው፣ «በርች ከሜፕል የጠነከረ እንጨት ስለሆነ ነው ጥርት የሚለው» ብሎ ተከራከረኝ። ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። የእንጨት ጥንካሬ የሚለካበት ጃንካ የሚባል መለኪያ አለ። ትንሽ የብረት ኳስ እንጨቱ ውስጥ እስከ ግማሿ ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ጠንካራው ሜፕል 1450 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ ቢጫው በርች 1260 አካባቢ። ሜፕሉ ነው የሚበልጠው። እንዲያውም ካታሎግ ላይ «በርች» ወይም «ሜፕል» ብቻ ይጻፍና የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል። ሁለቱም ዛፎች ብዙ ዝርያ አላቸው። ስለዚህ በጥንካሬ ቁጥር ድራም አትግዙ። የንብርብሩ ውፍረት፣ የጠርዙ አቆራረጥ፣ ማጣበቂያው ሁሉ ድምፁ ውስጥ አለበት።

አሁን ወደ ቤዝ ድራሙ፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ። አንድ ፔዳል፣ አንድ ዓይነት ቆዳ፣ ሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ የታጠፈ ፎጣ። ማይክ ሳላደርግ ቤዝመንቱ ውስጥ ስመታ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜፕሉ ይበልጥ ደስ ይላል። ደረት ላይ ያርፋል። በርቹ ከጎኑ ደረቅ ነው። እዚያው ላይ ብፈርድ ኖሮ በርቹን እመልሰው ነበር።

ግንቦት ላይ ቨርጂንያ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሰርግ ነበረን። ወደ 400 ሰው ይሆናል። በርቹን ይዤ ሄድኩ። ሳውንድ ማናችን በዕድሜ የገፋ፣ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሁልጊዜ ኪኬን ሲያስተካክል 400 ሄርትዝ አካባቢ አብዝቶ ይቀንስለታል። እዚያ ጋ ነው ያ የካርቶን ድምፅ የሚቀመጠው። ከዚያ የምቱን ጫፍ ለማውጣት ከላይ ይጨምርለታል። ያን ቀን «ኪክ» አለኝ። መታሁ። ዝም አለ። እንደገና «ኪክ» አለ። መታሁ። ከዚያ በማይኩ፣

«ምን አደረግከው ልጄ?» አለኝ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ምንም አልነካሁትም እኮ። ደህና ነው። ቀጥል፣ ስኔር።»

ያን ያህል ነው የተነጋገርነው። ለኔ ግን ሦስት ወር ያወዳደርኩት ያኔ ነው የተፈታው። ሙሽሮቹ ገብተው ቺክቺካው ሲነሳ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ቆሞ ተሰማኝ። ቤዝ ጊታሩና ኪኩ አልተጣሉም። ቤዝ ተጫዋቻችን በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ዛሬ እግርህን ሰማሁት» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፊት ለፊቴ የነበሩት እናቶች እስክስታ ሲወርዱ ደግሞ ትከሻቸው ከእግሬ ጋር ነበር። ፍሎር ቶሙን የከበሮን ወፍራም አፍ አድርጌ ስመታውም አላጉረመረመም።

በቀጣዩ እሁድ ያው የበርች ድራም ቸርች ገባ። ቸርቻችን ትንሽ ናት። ሰማንያ ሰው ብትይዝ ነው። ድራም ላይ ማይክ የለም። መዝሙሮቹ ብዙዎቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ለስላሳ ራስ ባለው ማሌት ፍሎር ቶሙን ቀስ እያልኩ እያሳደግኩ የምገባባቸው ቦታዎች አሉ። ሜፕሉ እዚያ ላይ እንደ ደመና ነው የሚነሳው። በርቹ አልነሳም። ምቶቹ አንድ አንድ እያሉ ተቆጠሩ። ጉባኤው ምናልባት አላስተዋለም። ከመዘምራኑ አንዷ እኅት ግን ሲያበቃ መጥታ «ወንድሜ፣ ያኛው ድራም የት ሄደ?» አለችኝ። ስለ እንጨት ምንም አልነገርኳትም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ድራሙ የት ሊኖር ነው የሚል ሆነብኝ። ማይክ ባለበት፣ ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ በሚጮህበት፣ ምቱ ፈጣን በሆነበት ቦታ በርች ሥራዬን አቀለለልኝ። የራሱ ድምፅ ብቻ ክፍሉን መሙላት ባለበት፣ ዜማው ዝግ ባለበት፣ ትዝታ ስንጫወት ለምሳሌ፣ ሜፕሉን ናፈቅኩ። አንድ ድራም ብቻ የምትገዙና ሁሉንም ሥራ የምትሠሩበት ከሆነ እኔ ሜፕል እላችኋለሁ። ሜፕልን በፎጣና በወፍራም ቆዳ ማሳጠር ይቻላል፣ ከድምፁ ጥቂት ቢጎድልም። በርችን ግን የሌለውን ርዝመት ልትሰጡት አትችሉም። ባብዛኛው ሰርግና ስቱዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አታመንቱ፣ በርች ውሰዱ። ከሁለቱም በፊት ግን አሁን ያላችሁ ድራም ላይ ጥሩ ቆዳ ግጠሙና በደንብ ቃኙት። ምናልባት መግዛቱ አያስፈልጋችሁ ይሆናል።

አገር ቤት ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ያገለገለ ድራም ስትገዙ «ሜፕል ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትመኑ። ብዙ የጀማሪ ድራሞች ፖፕላር ከሚባል ቀለል ያለ እንጨት ነው የሚሠሩት፣ ከውጭ ግን ፕላስቲክ ስለሚለበጡ አይለይም። ቆዳውን አስወልቁና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። የስልክ ባትሪውን ፍተሻ እዚያው ሻጩ ፊት አድርጉ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ አለ።

ከዚህ ለሚላክላችሁ ደግሞ፣ ቆዳውና ብረቱ ሁሉ ከወለቀ 10 ኢንቹ 12ቱ ውስጥ፣ 12ቱ 16ቱ ውስጥ ይገባል። በመሀላቸው ልብስ ጠቅጥቁ፣ በተለይ ጠርዙን ጠብቁ። ቤዝ ድራሙ ነው አስቸጋሪው። አየር መንገዶች ሻንጣ በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ ተደምሮ 158 ሳንቲሜትር ነው የሚሉት። 22 ኢንቹ ከነእንጨት ቀለበቱ ያልፈዋል። ትርፍ መክፈል እንዳለ አውቃችሁ ግቡ፣ ወይም 20 ኢንች ያለውን ምረጡ።

ሜፕሉን ልሸጠው ነበር ሐሳቤ። ማስታወቂያውን ሁሉ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። አሁን ቸርች ነው የሚኖረው፣ ከመድረኩ በስተግራ። በርቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒቫኑ ውስጥ ይጫናል። የፊታችን ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሰርግ አለን። የበርቹ 16 ኢንች የላይኛው ቆዳ መሀሉ ሰርጉዷል፣ ዓርብ ማታ እቀይርለታለሁ።